ጣና፦ ለእንቦጭ ማጨጃ ማሽን ገንዘብ ላዋጣ ወይስ ይቅርብኝ?

የቆላድባ ልጅ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍሁት። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ግን ደምቢያ፣ ሐይቁ ዳር ነው። እዚህ ያለነው የአካባቢው ተወላጆች እድር አለን። በባለፈው ስብሰባ እንቦጭ የሚያጭድ ማሽን ገዝተን እንላክ ተባለና መዋጮ ተጀመረ። የደረሰኝ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ከዚህ በፊትም ሰጥተናል። በ2013 ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ለቦት ጫማና ለጓንት ብለን አዋጥተን ነበር። ወንድሜ በዚያ ወር ከጎረቤቶቹ ጋር እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል የተነሳው ፎቶግራፍ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ ተዝካር ስሄድ ያንኑ ቦታ አሳየኝ። ያን ጊዜ ተነቅሎ የተከመረው እንቦጭ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ ላዩ ላይ ዱባ በቅሎበታል። ከዱባው ማዶ ግን ሐይቁ እንደገና አረንጓዴ ነው። የማያውቅ ሰው ቢያየው መስክ መስሎት ከብት ይለቅበታል።

እድሩ ውስጥ ይህን ሳነሳ «አንተ ደግሞ ተስፋ ታስቆርጣለህ» አሉኝ። ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ከመስጠቴ በፊት ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ለምንድን ነው የሚመለሰው? ማሽኑስ ይጠቅማል?

ፈጣን መፍትሔ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 3፡05

ማሽንም ሰውም አያስፈልግም። የአረም ማጥፊያ ኬሚካል አለ፤ በአውሮፕላን አንድ ጊዜ ቢረጭ ያልቃል። ይህን ያህል ዓመት የምንከራከረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የውሃ ተማሪ | ጥቅምት 3፣ ከምሽቱ 4፡30

ፈጣን መፍትሔ፣ ኬሚካሉ እንቦጩን ይገድለዋል፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ችግሩ የሞተው እንቦጭ የትም አለመሄዱ ነው። እዚያው ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በሥሩ የነበረው ዓሣም ያልቃል። ሲበሰብስ የሚለቀው ንጥረ ነገር ደግሞ ለቀጣዩ እንቦጭ ቀለብ ይሆናል። በዚያ ላይ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ከጣና ቀድቶ የሚጠጣ ነው። ከብቱም እንደዚሁ።

የቆላድባ ልጅ፣ የአንተን ጥያቄ ለመመለስ ትንሽ ልርዘም። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ምጣድ ላይ የፈሰሰ ውሃ በለው። ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ በእናንተ በኩል በሰሜንና በፎገራ በኩል በምሥራቅ፣ ብዙ ርቀት ተሂዶም ውሃው ከጉልበት አያልፍም። እንቦጩ የሚወደው ይህንን ነው። ማሽኑ ደግሞ የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ ጥልቀት ካላገኘ ጭቃ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያጭደው ነፋስ ወደ ጥልቁ የገፋውን ነው፤ የሚራባው ግን ዳር ላይ ነው።

ሌላው፣ እንቦጭ ሲመዘን ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው። አንድ ማሽን ቀኑን ሙሉ አጭዶ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው የሚያመላልሰው። ያጨደውንም ከዳር አንሥቶ የሚያርቅ መኪናና መንገድ ካልተዘጋጀ ማዕበል መልሶ ያስገባዋል።

መራባቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዘሩን ነው፤ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በበጋ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ክረምት ላይ ውሃው ሲመለስ ቡቃያውን አንሥቶ ይሄዳል። እንቦጩ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የዚያን ጊዜው ዘር ዛሬም ለመብቀል አቅም ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ ይህ ተክል እንዲህ የሚፋፋው ምን እየበላ ነው? ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፦ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ። በክረምት የእነዚህን ወንዞች ቀለም አይታችኋል። ያ ቡናማ ነገር የገበሬው አፈር ነው፤ ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው አለ፣ የከብት እበት አለ፣ የከተሞቹም ፍሳሽ አለ። እንቦጩ ተደላድሎ የምታገኙት ወንዞቹ ከሚገቡበት አፍ አጠገብ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም።

መረብ ጠጋኝ | ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 12፡50

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። እኔ እንኳን ብዙ አልጽፍም፤ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ጣና ታመመ የተባለው እንቦጭ ከመጣ ወዲህ ነው። ዓሣው ግን ከእንቦጩ በፊት ነው የሄደብን። እኔ በደንገል ታንኳ ነው የጀመርሁት። በታንኳ ሆነህ የምታጠምደው ዳር ዳሩን ነው፤ የምትይዘውም ቆሮሶ ነው። ከ1978 ወዲህ ነው የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የመጣው። ደስ አለን፤ ለምን እዋሻለሁ። መሐል ሐይቅ ገባን፣ ወንዝ አፍ ላይ ጣልን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀልባው ተሸክሞ የማይጨርሰው ነበር።

ባርበስ የምትሉት ዓሣ ልማድ አለው። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ይነሣና ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ጎርፉን ጠብቆ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። እኛ ይህን አወቅን። አውቀን ምን አደረግን? በሩ ላይ መረብ ዘርግተን ጠበቅነው። እርጉዟን ነው የምንይዛት። አንዳንዱ ደግሞ ላይ ወንዝ ውስጥ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ይበትናል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ መልቀም ብቻ ነው።

አሁን መረቤን ጥዬ የማወጣው እንቦጭ ነው። እንቦጩን ፈትቼ ስጨርስ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ግን እንቦጩ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ያ ዓሣ ይመለሳል ብዬ አላምንም።

የውሃ ተማሪ | ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 2፡15

አባባ፣ እጅዎ ይባረክ፤ የልጅ ልጅዎም። የተናገሩት በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በ1983 እና በ1993 መካከል ባሉት አሥር ዓመታት ብቻ የጣና ትልልቅ ባርበሶች በ75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ጣና ላይ እንቦጭ ገና ስሙም አልተሰማም ነበር።

ስለ እነዚህ ዓሦች ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ስለ ጣና ሲወራ ገዳማቱ ይነሣሉ፣ አባይ ይነሣል፣ እነዚህን ግን የሚያነሣቸው የለም። ጢስ እሳት ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ያለው የአባይ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። በዚህ ተዘግተው የቀሩት ባርበሶች በዚያው ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች ሆነዋል። አፈ ሰፊ አለ፣ አፈ ሹል አለ፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ ሳይኖረው ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላ አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የዚሁ ወገን የሆኑ ዓሦች እንዲሁ ተባዝተው ይኖሩ ነበር፤ ከመጠን በላይ በማጥመድና ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት አብዛኞቹ አልቀዋል። በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የቀረው ጣና ላይ ነው።

ባለ ሩዝ | ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 7፡20

ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳነብ ቆየሁ። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ነገሩ ሁልጊዜ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ነው የሚያርፈው። አፈሩ የገበሬ፣ ማዳበሪያው የገበሬ፣ እበቱ የገበሬ!

እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። ማዳበሪያ ስንት እንደሚገዛ ታውቃላችሁ? ለማግኘትስ ስንት ቀን ሰልፍ እንደሚያዝ? እንዲህ የተገዛ ማዳበሪያ ጎርፍ ይዞት ሐይቅ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያለቅሰው ገበሬው ነው። ማንም ዩሪያውን ሆን ብሎ ለእንቦጭ አይቀልብም።

ነገ ደግሞ ባሕር ሸሽ መሬቱን፣ በበጋ ውሃው የሚለቀውን ዳር፣ ለምን ታርሳላችሁ ልትሉን ነው። አዎ፣ ውሃው ሲሸሽ ተከትለን እንዘራለን። የሚያርሰው ማን ነው? ከአባቱ መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው። በሉ እንግዲህ ከዚያ አስወጡትና የት እንደሚሄድ ንገሩት።

እንቦጩን የነቀልነውም እኛ ነን። አልቅቱ፣ እባቡ፣ ሰውነት ማሳከኩ፣ ብልሃርዝያው የደረሰው እኛ ላይ ነው። ፎቶ ተነሥቶ የሄደው ሌላ ነው።

ዳር ቆሜ | ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 8፡02

ሁሉም የመንግሥት ጥፋት ነው። ያለፈውም የአሁኑም።

አወያይ | ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 8፡10

እዚህ ክር ላይ የፓርቲ ክርክር አይነሣ። ከዚህ በላይ የነበሩ ሦስት መልእክቶች ተነሥተዋል። ስለ ሐይቁ ቀጥሉ።

የውሃ ተማሪ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 1፡45

ባለ ሩዝ፣ ቁጣህ ተገቢ ነው፤ አጻጻፌም ለዚያ ምክንያት ሰጥቶህ ይሆናል። ገበሬው ጥፋተኛ ነው ለማለት አልነበረም። በተለይ ማዳበሪያውን በተመለከተ የተናገርኸውን እቀበላለሁ፤ አፈሩ ከማሳው ላይ ቢቆይ ሁለታችንም ያው አንድ ነገር ነው የምንፈልገው።

ባሕር ሸሹን በተመለከተ ግን አልስማማም። ድሮ በሐይቁና በማሳው መካከል ደንገልና ፊላ ነበር። ጎርፉ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉን እዚያው ይጥላል፤ ዓሣውም ጫጩቱን የሚያሳድገው እዚያ ነው። ያ ሲመነጠርና ሲታረስ ለሐይቁ የቀረለት ማጥለያ የለም። ሸሸርና ወለላ የሚባሉትን የፎገራ ረግረጎች ከእኔ በላይ አንተ ታውቃቸዋለህ። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጣው ቁራ የሚያርፍባቸው ነበሩ። በውሃ መሳቢያ ሞተር ተጠጥተው፣ ታርሰው ምን ያህል እንደቀሩ አንተው ንገረን።

ባለ ሩዝ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡30

ቁራ አይደለም፤ እርማት ልስጥህ። ቁራማ እዚሁ ቆሻሻ ላይ አለልህ። አንተ የምትለው ረጅም እግር ያለውን ግራጫ ወፍ ነው።

ሸሸር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። አያቴ የፎገራን ላም የሚያግደው እዚያ ነበር። ዛሬ ሩዝ ነው፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርት። ይህን አልክድም። ላሟም አብራ እየጠፋች ነው።

የውሃ ተማሪ | ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡41

ልክ ነህ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ። የእንግሊዝኛ ስሙን፣ ክሬን የሚሉትን፣ አውቄ የአገሬን ሳላውቅ መቅረቴ አሳፍሮኛል።

ኪሱሙ ያለሁት | ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሥራዬ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ ነው፤ ከቢሮዬ መስኮት ቪክቶሪያ ሐይቅ ይታያል። ወይም ይታያል እላለሁ እንጂ አንዳንድ ወር የሚታየው እንቦጭ ነው። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ ያለውን ታሪክ ልንገራችሁ።

እዚህ የመጣው ከጣና ቀድሞ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደቡን ዘግቶ መርከብ አላስወጣም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ጢንዚዛ አመጡ። ተክሉ ከደቡብ አሜሪካ ስለሆነ፣ እዚያው አገሩ ላይ የሚበሉትን ሁለት ዓይነት ትንንሽ ጢንዚዛዎች ነው ያመጡት። ዩጋንዳ በ1995፣ ኬንያ በ1997 ለቀቁ። ያደገው ጢንዚዛ ቅጠሉን ይፍቃል፣ ገና እጭ ያለው ግንዱን ይቦረቡራል፤ ተክሉ ውሃ ይገባበትና ይሰምጣል። በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጠፋ። ጢንዚዛው ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የ1997 እና የ1998 የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበል ነው የሰባበረው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም ይመስሉኛል።

ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ዊናም በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አሁንም ይመጣል፣ ይሄዳል። ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነው፤ የወንዙ አፈርና የከተማው ፍሳሽ አልቆመም። ስለዚህ ጢንዚዛ ይምጣ የምትሉ ካላችሁ፣ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይጨርሰውም። ጣና ደግሞ ከቪክቶሪያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ይቀዘቅዛል፤ ጢንዚዛው እንደዚህ አይፈጥንም ብዬ እሰጋለሁ።

ስለ ዓሣው አባታችን የተናገሩት ግን ልቤን ነካው። እዚህ፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ1950ዎቹ የናይል ፐርች የሚባል ትልቅ ዓሣ ከሌላ ቦታ አምጥተው ለቀቁ። የሐይቁ ዳር ሰዎች ሉዎዎቹ ፉሉ የሚሏቸው ትንንሽ ዓሦች ነበሩ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች። ትልቁ እየበላ ጨረሳቸው፤ ወደ 200 የሚሆኑ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። ፋብሪካ ተከፈተ፣ ሥጋው ወደ አውሮፓ ተላከ፤ የሐይቁ ዳር ሰው አጽሙን እየጠበሰ በላ። ጣናን ጢስ እሳት ከዚህ አድኖታል። ማንም ሰው «ለገቢ ይጠቅማል» ብሎ በጀሪካን አምጥቶ እንዳይለቅባችሁ ብቻ ጠብቁ።

ዝዋይ ዳር | ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 9፡15

እናንተ እንኳ ውሃ አላችሁ። የእኛ ዝዋይ እንቦጭም አለው፣ ውሃም እየጎደለበት ነው። እንቦጭ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እኮ ጣና ላይ አይደለም፤ ቆቃና አዋሽ ላይ በ1950ዎቹ ማብቂያ ነው። ያን ጊዜ ማንም ዘመቻ አላወጀም።

ዝዋይ ላይ ዳር ዳሩን ሞተር ተደርድሯል። የአበባ እርሻው ይስባል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ይስባል፣ ከተማው ይጠጣል። ከመቂና ከቀጣር የሚመጣውም ገና ሐይቁ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይሳባል። የዝዋይ ትርፍ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አቢጃታ ይገባል። እኛ በሳብን ቁጥር አቢጃታ ይሸሻል፤ እዚያ ደግሞ ሶዳ አሽ የሚያወጣው ፋብሪካም የራሱን ድርሻ ወስዷል። ልጅ ሳለሁ መኪናችን የቆመበት የአቢጃታ ዳር ዛሬ ከውሃው በእግር ብዙ የሚያስኬድ ነጭ ሜዳ ነው። የሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉ ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አቢጃታ ላይ ነበር፤ ዓሣው ሲጠፋ እነሱም ተበተኑ።

ይህን የምጽፈው ጣናም ከዚህ ነፃ ስላልሆነ ነው። ስለ ውሃው መጠን እስካሁን ማንም አላነሣም።

የዓባይ ማዶ | ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔ ላንሣው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃውን የሚቆጣጠረው ግድብ ከተሠራ ከ1988 ወዲህ የጣና ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም። በ1995 ድርቁም ተጨምሮበት ሐይቁ ከመውረዱ የተነሣ መርከቦቹ ለወራት ቆመው ነበር፤ ውሃው በለቀቀው ጭቃ ላይ ሰው በቆሎ ዘራ። በ2002 ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። መብራቱን እፈልገዋለሁ፣ እኔም ቤት አለ። ግን ውሃው ሲወርድ ባሕር ሸሽ ይሰፋል፣ ባሕር ሸሽ ሲሰፋ ይታረሳል፣ ጭቃው ላይ የእንቦጩ ዘር ይበቅላል። ሁሉም የተያያዘ ነው።

የከተማዬን ነገር ደግሞ ሳልናገር ብቀር ባለ ሩዝ ይታዘበኛል። ባሕር ዳር ለፍሳሿ በቂ ማጣሪያ የላትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሆቴል ፍሳሽ በቱቦ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አይቼ ለሚመለከተው ቢሮ አመለክት ብዬ ሄጄ ነበር። «ማመልከቻ ጽፈህ ና» አሉኝ፤ ጽፌ ሄድሁ፤ የተቀበለችኝ ልጅ ወረቀቱን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠችበት።

የቆላድባ ልጅ | ጥቅምት 7፣ ከሌሊቱ 8፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን አትሜ ትናንት ለእድሩ አነበብሁት። ሦስት ሰዓት ተከራከርን። ማሽኑ ቢያንስ ይታያል፣ ስማችን ይጻፍበታል ያሉ አሉ። አንዲት እናት ግን የአባታችንን የመረብ ጠጋኝን ጽሑፍ ስትሰማ አልቅሳለች፤ ባሏ አስጋሪ ነበር።

በመጨረሻ ማሽኑ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ገንዘቡን ግን ምን ላይ እናውለው? የደንገል ተከላ ብለን አስበናል፤ መገጭ አፍ አካባቢ። ይቻላል?

የውሃ ተማሪ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 1፡50

ይቻላል፤ ከመትከሉ መጠበቁ ይከብዳል እንጂ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች ከብት እንዳይገባበት የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። እንቦጩንም ከመካከሉ በእጅ መልቀም ይጠይቃል፤ በማሽን ሳይሆን ገና ሳይሰፋ። እና ባለ ሩዝ እንዳለው፣ መሬቱን የሚያርሱት ወጣቶች መጀመሪያ ይጠየቁ። ጥበቃውንም ለእነሱ ብትሰጡ ጥሩ ነው።

መረብ ጠጋኝ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 3፡10

ደንገሉ ካደገ አጭዶ ታንኳ መሥሪያ ማድረግም ይቻላል፤ አጨዳ አይገድለውም። የሚሠራው ሰው ግን እየጠፋ ነው። ወይጦዎቹ ዘንድ ጥቂት ሽማግሌዎች ቀርተዋል። ልጆች ካሉ ይላኩላቸው።

ሌላ አንድ ነገር። የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን፤ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ የሚጠብቅ ሰው ግን የለንም። ደንገሉን ለሚጠብቀው ልጅ ከሐምሌ እስከ መስከረም መረቡንም ይጠብቅ በሉት። እኔ መረብ ስለምጠግን የማን መረብ እንደሆነ በዓይኔ ለይቼ እነግረዋለሁ።

የቆላድባ ልጅ | ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 6፡15

አባባ፣ ይህን እንዳሉት ቃል በቃል ለእድሩ አደርሳለሁ። ለወንድሜም ደወልሁለት፤ ደስ ብሎት ነበር። ደግሞ የምሥራች አለኝ አለ። ከትናንት ወዲያ ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ በእነሱ በኩል የነበረውን እንቦጭ አንሥቶ ወስዶታል፤ ውሃው ጥርት ብሎ አደረ፣ ልጆች ሲዋኙ ነበር አለኝ። የት እንደሄደ አላወቀም።

ባለ ሩዝ | ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 6፡40

ደርሶናል። ናበጋ በኩል ገብቶ ሩዜ ላይ ተኝቷል።